ሆዷ ሞልቶ ጎድኗ የሚቆጠር ላም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ ስምንት ዓመት የገጠመኝ ነገር ትዝ አለኝ። ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ ላይ ሁለት ድቅል ላሞች አሉሽ። ድርቆሹ ጥር ላይ አለቀብሽ። ከወረታ አንድ አይሱዙ የሩዝ ጭድ አስጫንሽ። ላሞቹ ሆዳቸው ከበሮ አክሏል፣ ጎድናቸው ግን ይቆጠራል፣ ወተቱም ከዘጠኝ ሊትር ወደ አምስት ወረደ። ጭዱን በዩሪያ ማዳበሪያ ማከም ይጠቅማል ወይስ ይገድላል ነው የምትዪው። ሁለቱንም ያደርጋል። ሁለቱም ደርሶብኛል።

መጀመሪያ ጭዱን አትርገሚው። ጭድ ምግብ የሚሆነው በላሟ ሆድ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሲፈጩት ነው። እነሱም መብላት አለባቸው። ጭድ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ3 እስከ 5 በመቶ ገደማ ነው። እነሱ ግን ቢያንስ 7 ይፈልጋሉ። ካላገኙ ሥራ ያቀዘቅዛሉ፣ ጭዱም ሳይፈጭ ሆዷ ውስጥ ይከርማል። ሆዷ ስለሞላ ሌላ አትበላም። ጠግባ ትራባለች።

የሩዝ ጭድ ደግሞ የራሱ አመል አለው። የበቆሎ አገዳ ስትሰጫት ቅጠሉን ለቅማ አገዳውን ትተዋለች፤ ልክ ናት። ሩዝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቅጠሉ ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ዘመድ፣ ስለሚበዛበት ከግንዱ ይልቅ ለመፈጨት ያስቸግራል። ስለዚህ ስትገዢ ከሥሩ ተጠግቶ የታጨደውን ፈልጊ። እጅሽን ክምሩ ውስጥ ከተሽም አሽትቺ፤ ሻግቶ የሚመጣ ብዙ ነው። የጤፍ ጭድማ ከሁሉም ይሻል ነበር። ግን ለቤት ምርጊት የሚገዛውም ብዙ ነው፣ ዋጋውን አትችይውም።

ወደ ዩሪያው ልምጣ። ልኩ ለማስታወስ ቀላል ነው። ለ20 ኪሎ ደረቅ ጭድ አንድ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ውሃና 1 ኪሎ ዩሪያ። ዩሪያው ቅንጣት ሳይቀር ይሟሟ። ጉድጓድ ቆፍረሽ ውስጡን ሸራ አልብሺው። ጭዱን በስሱ አንጥፊ፣ በአትክልት ማጠጫ እኩል አርከፍክፊ፣ ርገጪ። ደግሞ አንጥፊ፣ አርከፍክፊ፣ ርገጪ። ሲሞላ በሸራ ሸፍነሽ አፈር ጫኚበት። አየር እንዳይገባ። በኛ አገር ሙቀት 3 ሳምንት ይበቃዋል። ዩሪያው ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያው የጭዱን ጥንካሬ ይፈታል፣ ለተሕዋስያኑም ምግብ ይሆናል።

ስትከፍቺው ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለውና ቀለሙ ወደ ቡና ካደላ ተሳክቷል። ሻጋታ ያየሽበትን ክፍል ጣዪው። የኔን የመጀመሪያ ጉድጓድ አይጥ ሸራውን በልታብኝ ግማሹን ነው የደፋሁት። የነገውን ብቻ ማታ አውጥተሽ ይናፈስ፣ ጠዋት ስጪ። በመጀመሪያው ሳምንት ሩቡ የታከመ፣ ሌላው ያልታከመ ይሁን። ሽታውን ብለው ሁለት ቀን ሊያኮርፉ ይችላሉ፤ ይለምዱታል።

አሁን የሚገድለው። በሁለተኛው ዓመት ዩሪያውን በባልዲ በጥብጬ ቡና ተጠርቼ ገባሁ። ከአቦል እስከ በረካ ተቀመጥኩ። ስወጣ አንዲት ጊደሬ ባልዲውን ባዶ አድርጋዋለች። ብዙም ሳትቆይ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ አረፋ ደፈቀች፣ ሆዷ ተነፋ። ሐኪሙ ሲደርስ አልቆየችውም። ኮምጣጤ ከብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቶሎ ብግታት ኖሮ ልትተርፍ ትችል እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ዩሪያ ስበጠብጥ ከብቶቹ ይታሰራሉ፣ ኮምጣጤም ከቤት አይጠፋም።

ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ፣ ለፈረስና ለአህያም የታከመ ጭድ አትስጪ። ለምለም ሳር ወይም ጥሩ ድርቆሽ ደግሞ በጭራሽ በዩሪያ አይታከምም። ያለው ስኳር ከአሞኒያው ጋር ሲገናኝ ከብት የሚያሳብድ መርዝ ይወጣዋል። የሚታከመው ደረቅ ጭድ ብቻ ነው።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ለሁለት ላም እኔ ብሆን በዩሪያ አልጀምርም። ዩሪያው ለማሳሽም ሳያንስ አይቀርም። ደግሞ የታከመ ጭድ ላሟን በእግሯ ያቆማታል እንጂ ዘጠኝ ሊትር አያሳልባትም። የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው፣ ፕሮቲኑ 30 በመቶ ገደማ ነው። በቀን ሁለት ኪሎ ያህሉን ከፉርሽካ ጋር ለጠዋትና ለማታ ከፍለሽ ስጪያት፣ ያው ጭድ መፈጨት ሲጀምር ታዪዋለሽ። የፎገራ ገበሬዎች ሩዙን አጭደው በቀረችው እርጥበት ጓያ ይዘራሉ። የጓያ ገለባ በፕሮቲን ከሩዝ ጭድ ይበልጣል፣ ካገኘሽ ቀላቅዪው። አጥርሽ ላይ ሰስባኒያ የሚባለውን ቅጠሉ ለመኖ የሚሆን ዛፍ ትከዪ፤ ለከርሞ ይሆንሻል። ጨውና ንጹህ ውሃ ከፊታቸው አይጥፋ።

ለጥያቄሽ መልስ ከሰጡት አንዱ ወንድማችን ከጣና እምቦጭ አምጥተሽ ስጪ ብሏል። ከአሥሩ ዘጠኝ እጁ ውሃ ነው። ለውሃ ብለሽ ጋሪ አትከራዪ።

ለመሆኑ ላሞቹ ከወለዱ ስንት ወራቸው ነው? አልጻፍሽውም። ሰባት ስምንት ወር ካለፋቸው ወተቱ የቀነሰው በጭዱ ብቻ ላይሆን ይችላል።