ለድሬ ክረምት፦ ከመድኃኒቱ በፊት ውሃውና ቀዳዳው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከሐረር ወደ ድሬ ዳዋ ከመጣችሁ የመጀመሪያ ክረምታችሁ ነው። ሳቢያን ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይታችኋል። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ትልልቅ በረሮ ከሽንት ቤት ይወጣል፣ ኮርኒስ ላይ አይጥ ይሯሯጣል፣ ቀን ቀን ደግሞ ትንኝ እየነከሰ አስቸግሯችኋል። የ9 ወር ልጅ አለችሽ። «የቱን መድኃኒት ልርጭ?» ነው ያልሽው።

አብሽሪ፣ መላ አለው። መድኃኒቱን ግን መጨረሻ ላይ እናምጣው። እኔ ድሬ 18 ክረምት አሳልፌያለሁ። መጀመሪያ ገንደ ቆሬ፣ አሁን ከዚራ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት በየሳምንቱ ፍሊት ስነፋ ነው የኖርኩት። በረሮው ሁለት ቀን ይጠፋና ሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ነገሩ የተቀየረልኝ «ይሄ ነገር ከየት ነው የሚገባው? ምን ፈልጎ ነው የሚመጣው?» ብዬ መጠየቅ ስጀምር ነው።

«ሐረር እያለን እንዲህ አላየንም» ብለሻል። ልክ ነሽ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ነው፣ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ። ደንገጎን ስትወርጂ ሙቀቱ ፊትሽን ሲመታሽ ታውቂዋለሽ። እዚህ ክረምት ማለት ብርድ አይደለም፤ ሙቀት ላይ እርጥበት ሲጨመር ነው። ለነፍሳት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ሌላ ቦታ በሳምንታት የሚያድገው እጭ እዚህ በቀናት ይደርሳል።

ከሁሉ በፊት ትንኙን ልንገርሽ፤ ምክንያቱም በረሮና አይጥ ያስጠላሉ፣ ትንኝ ግን ሕፃን ልጅ ሆስፒታል ያስገባል። ቀን የሚነክሰው፣ በተለይ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ጫት በሚቃምበት በበርጫ ሰዓት ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያርፈው፣ እግሩ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት ያለው ጥቁር ትንኝ የዴንጊና የቺኩንጉኒያ አስተላላፊ ነው። ድሬ በ2006 ዓ.ም መግቢያ ላይ ዴንጊን፣ በ2011 ማለቂያ ላይ ደግሞ ቺኩንጉኒያን አይታለች። የቺኩንጉኒያ ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ከአልጋው ተነስቶ መራመድ ያቃተው ሰው ብዙ ነበር። መገጣጠሚያ ይዞ አያስነሳም። ሌላም ትንኝ አለ፣ እሱ ወባ ነው የሚያመጣው። እንደ ድሮው የወባ ትንኝ ረግረግ አይፈልግም፤ የከተማ በርሜልና ሮቶ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ፣ በ2022 ድሬ ላይ በበጋ የተነሳውን ወባ ያጠኑ ሰዎችም ከሱ ጋር አያይዘውታል። ስለዚህ «ወባ የገጠር ነው» የሚለውን እርሺው።

ሁለቱም የሚራቡት ጎርፍ ያቆረው ውሃ ውስጥ ብቻ አይደለም። እኛው ቤት፣ ባጠራቀምነው ውሃ ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም በርሜል አለን። አንቺም እንዳለሽ እርግጠኛ ነኝ።

እስቲ በርሜልሽን እንየው። ክዳኑን አንሺና በስልክሽ መብራት ውሃው ላይ አብሪበት። ሽቅብ ቁልቁል የሚወራጩ ቀጫጭን ነገሮች ካየሽ እጭ ናቸው፤ ሳምንት ሳይሞላቸው ክንፍ ሊያወጡ ይችላሉ። አሁን ደግሞ ከውሃው መስመር ከፍ ብሎ ያለውን የበርሜሉን ግድግዳ እዪ። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፣ ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚሠራው ሁሉ በርሜሉ ላይም ይሠራል። ቀን የሚነክሰው ትንኝ እንቁላሉን የሚለጥፈው እንዲህ ያለ ሸካራ ቦታ ላይ ነው። ጥቁር ነው፣ የበርበሬ ፍሬ ስባሪ ይመስላል፣ በጣም ደቃቅ ነው። ውሃውን ደፍተሽ በርሜሉን ብታደርቂው እንኳ እንቁላሉ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ለዚህ ነው «ውሃውን በየሳምንቱ እቀይራለሁ፣ ትንኙ ግን አልጠፋም» የሚሉ ሰዎች የሚበዙት። ውሃ መቀየር ብቻውን አይበቃም። መፈተግ አለበት።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ሐሙስ ሐሙስ የበርሜሉ ውሃ ዝቅ ሲል ግድግዳውን ዙሪያውን በጠንካራ ብሩሽ እፈትጋለሁ። ነጩ ቅርፊት አልለቅ ካለ ኮምጣጤ እቀባውና ትንሽ አቆየዋለሁ፣ ከዚያ ይላቀቃል። እጥበቱን አፈር ላይ እንጂ ፍሳሽ ውስጥ አልደፋውም። ከዚያ አፉን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ሸፍኜ በላስቲክ ጥብቅ አድርጌ አስረዋለሁ፣ ክዳኑ ከላይ ይደረብበታል። ክዳን ብቻውን ሁልጊዜ ክፍተት አለው። ሮቶ ካላችሁ የትርፍ ውሃ መውጫ ቱቦውን አፍ በወንፊት እሰሩት፣ ያንን ሁሉም ይረሳዋል። የአበባ ሰሐን፣ የዶሮ ውሃ መጠጫ፣ ግቢ የተጣለ ጎማ፣ ከፍሪጅ ጀርባ ያለችው የውሃ መያዣም አትርሺ። ልጅሽ ቀን ስትተኛም አጎበር ውስጥ ትተኛ፤ ብዙ እናት የሚሳሳተው አጎበር የሌሊት ብቻ ነው ብሎ ነው።

ትኩሳት ከያዛት ደግሞ በራስሽ መድኃኒት አትስጫት። ዴንጊ ከሆነ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መድማት ያባብሳሉ። ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመርምሪያት።

አሁን በረሮው። እዚህ ላይ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለይ። አውራ ጣት የሚያክለው፣ ቀይ ቡናማው፣ አንዳንዴ የሚበረው፣ የፍሳሽ በረሮ ነው። ኑሮው ሴፕቲክ ታንክና የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ነው። ዝናብ ታንኩን ሲሞላው መኖሪያው ይጥለቀለቅና ሽቅብ ወደ ቤትሽ ይወጣል። ያንቺ ይሄ ነው። ትንሹ፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ሁለት ጥቁር መስመር ያለው ደግሞ የወጥ ቤት በረሮ ነው፤ እሱ ከፍሳሽ አይመጣም፣ እዚያው ፍሪጅና ምድጃ ጀርባ ነው የሚራባው። ሁለቱን በአንድ መላ ማባረር አይቻልም።

ለትልቁ ፍሊት መንፋት ገንዘብ መጣል ነው። ዛሬ አሥር ብትገድዪ ነገ ሌላ አሥር ከታንኩ ይመጣል። መንገዱን ዝጊበት። የሻወር ቤትሽ ወለል ላይ ያለው የፍሳሽ ቀዳዳ ሲፎን (ውሃ የሚያቁር የታጠፈ ቱቦ) አለው፣ ውስጡ ውሃ ከቆመ በረሮ ማለፍ ይከብደዋል። ብዙ ጊዜ ያልተጠቀምሽበት ከሆነ ግን ውሃው ይደርቅና በሩ ይከፈታል። በየቀኑ አንድ ጣሳ ውሃ አፍስሺበት። ማታ ማታ ቀዳዳው ላይ ላስቲክ አንጥፈሽ ውሃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አስቀምጪበት። እኔ ገንደ ቆሬ እያለሁ ይህቺን ብቻ ባደረግኩበት ሳምንት ጠዋት ጠዋት የማገኘው በረሮ ከስምንት ከዘጠኝ ወደ አንድ ወረደ። ከዚያ አከራይሽን ጥሪና የሴፕቲክ ታንኩን ክዳን አሳዪያቸው። ጠርዙ ከተሰነጠቀ በሲሚንቶ ይደፈን። የአየር ማውጫ ቱቦው ጫፍ ላይም ወንፊት ይታሰር፤ በዚያ በኩል ትንኝም ይራባል። ይሄ የአከራይ ሥራ ነው፣ አትፈሪ፣ ጠይቂ።

ትንሹ በረሮ ወጥ ቤት ካለ ቦሪክ አሲድ ከስኳርና ከዱቄት ጋር እኩል አድርገሽ ለውሺ፣ የሽንብራ ፍሬ የሚያካክል እያደረግሽ ፍሪጅ ጀርባና ልጅሽ በምንም መልኩ የማትደርስበት ስንጥቅ ውስጥ አድርጊ። ቶሎ አይገድልም፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሺ። ያንኑ ቦታ ፍሊት አትንፊበት፤ ሽታውን ሲሰሙ ምግቡን ይሸሹታል። ሴቷ እንቁላሏን ከ30 እስከ 40 የሚደርስ ፍሬ የያዘ ከረጢት ውስጥ አድርጋ ጭራዋ ላይ ይዛው ትዞራለች፣ መድኃኒቱ ከረጢቱን አያልፍም። ለዚህ ነው አንድ ዙር በቂ የማይሆነው።

አሁን ስለ መርዝ የማልረሳውን ልንገርሽ። ገንደ ቆሬ እያለሁ ገበያ ላይ ስም የሌለው ፈሳሽ በውሃ ኮዳ ገዛሁ። «ትኋንም በረሮም አይቀርም» አሉኝ። አልጋውን ሁሉ ረጨሁት፣ በር ዘጋሁ፣ ማታ ከፍቼ ልጄን አስተኛሁበት። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እያስመለሰው፣ አፉ በምራቅ ተሞልቶ፣ ላብ አጥምቆት አገኘሁት። ተሸክሜው ሮጥኩ። ሐኪሙ «ምን ነበር የረጨሽው?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። ኮዳው ላይ ምንም አልተጻፈም። ልጄ ተርፎልኛል፣ አሁን ትልቅ ሰው ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንነቱ ያልተጻፈበት ነገር ቤቴ አይገባም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የእህል ነቀዝ ክኒን ነው። አንዳንድ ሰው ለትኋንም ለአይጥም ይመክራል። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሰው በተኛበት ቤት መግደል ይችላል፣ ማርከሻም የለውም። ክረምት ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ማንም ቢሰጥሽ አትቀበዪ፤ ለእህልም መኝታ ባለበት ቤት ውስጥ አትጠቀሚበት። እህልሽ ነቀዝ ከነካው ፀሐይ ስትወጣ አስጥተሽ አንፍሺው፣ ከዚያ አየር የማያስገባ ከረጢት ውስጥ አስሪው።

አይጡ ላይ አጭር ልሁን። ቀዳዳው እርሳስ ካስገባ የቤት አይጥ ያልፍበታል። አንድ ጠዋት እርሳስ ይዘሽ ቤቱን ዙሪያውን ዙሪ። የቆርቆሮው ሞገድ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ክፍተት የኮርኒሱ አይጥ ዋና በር ነው። ክፍተቱን የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጎስጉሰሽ በሲሚንቶ ድፈኚው፤ ሽቦውን አይጥ አይበላውም፣ ጨርቅና ስፖንጅ ግን አንድ ሌሊት አይቆይም። ግቢያችሁ ኒም ካለ፣ ቅርንጫፉ ጣሪያ የሚነካ ከሆነ ቁረጡት። ከበራችሁ ውጭ የሚከመረው ገራባም (የጫት ትርፍራፊ) ዝናብ ከመታው ዝንቡንም አይጡንም ይጠራል፤ ለፍየል ባለቤት ስጡት፣ ደስ ብሎት ይወስድላችኋል።

መርዝ ኮርኒስ ውስጥ አታድርጊ። አይጡ እዚያው ሞቶ በድሬ ሙቀት የሚሸተው ሽታ ሳምንታት አያስቀምጥም። የጎረቤት ድመትም ልትሞት ትችላለች። ባለ ስፕሪንግ ወጥመድ ይሻላል። ማጥመጃው ላይ የባቢሌ ኦቾሎኒ ወቅጠሽ ለጥፊበት፣ ከቻልሽ በክር እሰሪው፤ ልል ከሆነ በልቶ ይሄዳል። ወጥመዱን መሐል ወለል ላይ ሳይሆን ግድግዳ ጥግ አድርጊ፣ አይጥ ጥግ ይዞ ነው የሚሄደው። የት እንደሚሄድ ካልታወቀሽ ማታ ትንሽ ዱቄት በትኚ፣ ጠዋት ዱካው ይታያል።

ጊንጥም ሊገባ ይችላል፣ ዝናብ ከድንጋይ ስር ያስወጣዋል። ጫማሽን ሳታራግፊ አታድርጊ፣ የልጅሽን ልብስም አራግፊ።

በዚህ ሳምንት ከበርሜሉና ከፍሳሽ ቀዳዳው ጀምሪ። ሁለቱም ብዙ ወጪ የላቸውም። ወጥመድ እንዳትገዢ፣ እኔ ጋ ሁለት ትርፍ አሉ። ቅዳሜ ወደ ሳቢያን ስለምመጣ አደርስልሻለሁ፣ የሲሚንቶውንም አሞላል አብረን እናየዋለን። ስልክሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።