ስዊፐር፣ ቦንክ እና «ማዶ ነው»፦ ለአዲሷ ሃይከር

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ጥያቄሽን ሳነበው ሳቄ መጣ፤ በአንቺ ሳይሆን በራሴ። «ቅዳሜ ወጨጫ ተራራ ለመውጣት ተመዝግቤያለሁ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ማስታወቂያው ላይ ሞደሬት፣ ኤሌቬሽን ጌይን፣ ስዊፐር ይላል። እናንተ ደግሞ ግሩፑ ላይ ስለ ቦንክ፣ ቤዝ ዌይትና ትሬይል ኔም ታወራላችሁ። ይህን ሁሉ ሳላውቅ ብመጣ መሳቂያ እሆናለሁ?» ነው ያልሽው። አትሆኚም። ግማሾቻችን እነዚህን ቃላት የለቀምናቸው ከዩቲዩብ ነው። ቅዳሜ የሚጠቅሙሽን ልንገርሽ፤ የቀረውን ከተራራ ስንወርድ ሻይ ላይ ትለምጂዋለሽ።

«ሞደሬት» መካከለኛ ማለት ነው። ግን ለማን? ማስታወቂያውን የሚጽፈው ልጅ በየሳምንቱ ተራራ ላይ ነው። ለእሱ መካከለኛ የሆነው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ፍዳ ነው። ስለዚህ ቃሉን ተይውና ሁለቱን ቁጥሮች እዪ። አንዱ ርቀቱ ነው። ሌላው ኤሌቬሽን ጌይን ነው፤ በቀኑ ውስጥ በድምሩ ስንት ሜትር ሽቅብ እንደምትወጪ ይነግርሻል። ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣት ቀላል ስሌት አለች። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ያዢ፤ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሪ። 12 ኪሎ ሜትር ከ900 ሜትር ዳገት ጋር ከሆነ 4 ሰዓት ገደማ ይመጣል። ያውም ሳታርፊ፣ ፎቶ ሳትነሺ። የእኛ ሰው ደግሞ ፎቶ ሳይነሳ አይሄድም፤ እኔ ሁልጊዜ 2 ሰዓት እደምርበታለሁ።

ስዊፐር ከሁሉም ኋላ የሚሄደው ሰው ነው። ማንም ከእሱ ኋላ አይቀርም፣ ሥራው ይኸው ነው። እኛ ግሩፕ ውስጥ ከፊት የሚመራውን «ፊታውራሪ»፣ ከኋላ ያለውን «ደጀን» እንላለን። በቀልድ የተጀመረ ነገር ነው፣ ግን ከእንግሊዝኛው ይሻላል። የድሮ ሠራዊት ሲጓዝ ከፊት ፊታውራሪ፣ ከኋላ ደጀን ነበረው። ዞር ስትዪ ደጀኑ ካልታየሽ ቁሚ። ሽንት ቤት ፍለጋ ወደ ጫካ ስትገቢም ለእሱ ንገሪው፤ ቦርሳሽን መንገዱ ዳር አስቀምጪለት። አያፍርም፣ አንቺም አትፈሪ።

አሁን ወደ ቦንክ። ይህን በሥጋዬ ነው የተማርኩት።

የመጀመሪያዬም ወጨጫ ነበር። መነሻው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስለነበር ቁርስ አልበላሁም። «ስንደርስ እበላለሁ» አልኩ። ታች ያለው የሱባ ጫካ፣ ያ ዘርዓ ያዕቆብ አስተከለው የሚባለው፣ የጽድ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ የተራራው ጫፍ አይታይም። ከጫካው ስንወጣ ፊት ለፊት አንድ አናት ታየኝ። ያለኝን ጉልበት ሁሉ እሱ ላይ ጨረስኩ። ስደርስ ከጀርባው ሌላ አናት ቆሟል። ይህ ነው «ፎልስ ሰሚት» የሚሉት፣ አታላይ ጫፍ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ሦስተኛ መጣ። እዚያ ላይ እግሬ እምቢ አለ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ቀዝቃዛ ነው፣ «አይዞህ» ያለኝን ጓደኛዬን ሳልሰድበው አልቀረሁም። የሚገርመው ደግሞ ምንም አላራበኝም።

ደጀኑ ደረሰና ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። ምንም አልጠየቀኝም። ግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ አወጣ፣ ከፌስታል በሶ በክዳኑ እየሰፈረ ጨመረበት፣ ስኳርና ትንሽ ጨው ደገመ፣ ዘግቶ ናጠው። በሶው ጠርሙሱ አንገት ላይ ተጓጎለ። በቀጭን እንጨት ወግቶ ለቀቀውና «ቀስ እያልክ» ብሎ ሰጠኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እግሬ ተመለሰልኝ።

ቦንክ ማለት ይህ ነው። በጡንቻና በጉበት የተጠራቀመው ስኳር ያልቅና ሰውነት ቀጥ ይላል። «ደከመኝ» አይደለም፤ ድካም ስታርፊ ይለቅሻል፣ ቦንክ ካልበላሽ አይለቅም። ሳይርብሽ በየሰዓቱ አንድ ነገር ቅመሺ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። በውድ ዋጋ የሚሸጠውን የውጭ ኢነርጂ ባር ተይው።

ቤዝ ዌይት የቦርሳሽ ክብደት ነው፣ ስንቅና ውሃ ሳይቆጠር። ከ4.5 ኪሎ በታች ያወረደ ሰው «አልትራላይት» ይባላል። ለአንድ ቀን ጉዞ ግን ይህ ጭንቀት የመሣሪያ ወዳጆች ነው፣ እለፊው። «ጥጥ ይገላል» የሚሉትን ግን ስሚያቸው። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ሙቀትሽን ይወስዳል። ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ ላብ ያራሰው ቲሸርት አናቱ ላይ ነፋስ ሲያገኘው ታውቂዋለሽ። ጋቢም ጥጥ ነው ብዬ አንድ ጊዜ ግሩፕ ውስጥ ጽፌ ስንት ሰው ተቀየመኝ።

ከውጭ ቃላት ሁሉ በላይ ግን የሚያስፈልግሽ የአገሬው ንግግር ነው። መንገድ ላይ የሚያገኙሽን ሰዎች «ስንት ይቀራል?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ። «ቅርብ ነው» ይሉሻል። አልዋሹሽም፣ ለእነሱ እውነትም ቅርብ ነው። እንጦጦ ጀርባ እንጨት የተሸከሙ እናት «ደርሳችኋል» ብለውን አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዘናል። አነጋገሩን ልብ በዪ፦ «እዚያ» የሚለው ቃል በረዘመ ቁጥር መንገዱም ይረዝማል። «ማዶ ነው» ካሉሽ ደግሞ ጉልበትሽን አዘጋጂ፤ መሃል ላይ ሸለቆ አለ ማለት ነው። ትወርጃለሽ፣ ከዚያ የወረድሽውን መልሰሽ ትወጪያለሽ። አሜሪካኖች «ትርጉም የለሽ መውጣትና መውረድ» ብለው በምህጻረ ቃል ያማርሩበታል። እኛ በሁለት ፊደል ጨርሰነዋል።

የቦታ ስምም ይናገራል። አካባቢው የኦሮሚያ ስለሆነ ጥቂት ኦሮምኛ ያዢ። «ቱሉ» ካለው ጋራ አለ፤ ቱሉ ዲምቱ ቀይ ጋራ ማለት ነው። «ለገ» ካለው ወንዝ ትሻገሪያለሽ። «ጨፌ» ካለው ረግረግ ነው፤ በክረምት ጫማሽን ተሰናበቺው። ለገሃር ብቻ እንዳይሸውድሽ፤ እሱ ፈረንሳይኛ ነው፣ ባቡር ጣቢያ።

«ትሬይል ኔም» ምንድን ነው ላልሽው፣ አሜሪካ አፓላቺያን ትሬይል የሚባል 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጓዙት በእውነተኛ ስማቸው ብዙም አይጠራሩም። መንገድ ላይ በገጠማቸው ነገር ስም ይወጣላቸዋል፤ ደንቡ ሌላ ሰው እንዲያወጣልሽ ነው። የእኛ የፈረስ ስም በይው፣ ምኒልክን «አባ ዳኘው» እንደሚሉት። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ በግሩፑ «አባ በሶ» ነኝ፤ ብጠላውም ለቆኝ አልሄደም።

ቅዳሜ ደጀኑ እኔ ነኝ። ጠርሙስ ብቻ ይዘሽ ነዪ፣ በሶው አለኝ።