የሰፍነግ ገላ የት ሄደ?

ጥያቄ፦ እህቴ ከግሪክ ስትመለስ «እውነተኛ የባሕር ሰፍነግ ነው» ብላ ቀዳዳው የበዛ ቡናማ ነገር አመጣችልኝ። እንስሳ እንደሆነ ሰምቼ ስለነበር በመቀስ ሰንጥቄ ተመለከትሁት፤ ነገር ግን ከተጠላለፈ ክር በቀር ቆዳም ሥጋም አላገኘሁበትም። ለመሆኑ የሰፍነግ የአካል ግድግዳ ምን ይመስላል? (አንባቢያችሁ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እንስሳነቱ እውነት ነው፤ እርስዎ የሰነጠቁት ግን ገላውን ሳይሆን አጽሙን ነው። ካሊምኖስን በመሳሰሉ የግሪክ ደሴቶች ጠላቂዎች ሰፍነጉን ከባሕር እንዳወጡ በእግራቸው እየረገጡ ሥጋውን ያፈስሱታል፣ ደጋግመውም ያጥቡታል፤ ከወንጌል ንባብ ስሙን የምናውቀው ሰፍነግ ለገበያ የሚቀርበው ከዚህ በኋላ ነው። የሚተርፈውም ስፖንጂን የሚባል የፕሮቲን ክር ብቻ ነው።

በሕይወት ሳለ ግድግዳው ሦስት ክፍል አለው። ከውጭ በኩል ፒናኮሳይት የሚባሉ ስስና ጠፍጣፋ ሕዋሳት እንደ ንጣፍ ድንጋይ ጎን ለጎን ተደርድረው ይሸፍኑታል፤ በመካከላቸውም ውሃ የሚገባባቸው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። መካከለኛው ክፍል ሜሶሂል የሚባል ዝልግልግ ነገር ሲሆን፣ በውስጡ ወዲያ ወዲህ የሚንቀሳቀሱ ሕዋሳት ምግብ ያከፋፍላሉ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ይለወጣሉ። አጽሙ የሚሠራውም እዚሁ ነው። ብዙዎቹ ሰፍነጎች ከሲሊካ ወይም ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ መርፌ መሰል ስንጥሮች ሲኖሯቸው፣ የእርስዎ ዓይነቱ ግን ስንጥር ስለሌለው ቆዳ ሳይቧጭር ለገላ መታጠቢያ ሊያገለግል ችሏል።

ከሁሉ የሚደንቀው የውስጠኛው ክፍል ነው። እዚያ የተደረደሩት ኮአኖሳይት የተባሉት ሕዋሳት እያንዳንዳቸው አንድ ጅራፍ አላቸው፤ በጅራፉ ዙሪያም እንደ ሸሚዝ ኮሌታ የቆመ፣ ከረቂቅ ዘንጎች የተሠራ አጥር አለ። ጅራፉ ሲወዛወዝ ውሃው በዘንጎቹ መካከል ያልፋል፣ ባክቴሪያውና ሌላው ደቃቅ ምግብ ግን በወንፊት ላይ እንደሚቀር እንክርዳድ እዚያው ይያዝና በሕዋሱ ይዋጣል። አፍም ሆድም የሌለው እንስሳ የሚመገበው በግድግዳው ነው ማለት ነው።

ግድግዳው ስስና ቀጥ ያለ ከሆነ፣ በግድግዳው የተከበበው የውስጥ ባዶ ቦታ ሲሰፋ ጅራፎቹ ያን ሁሉ ውሃ ማንቀሳቀስ ስለሚሳናቸው፣ እንዲህ ያሉት ሰፍነጎች ትንንሽ ሆነው ይቀራሉ። በሌሎቹ ግድግዳው ይታጠፋል፤ በትልልቆቹ ደግሞ ወፍሮ በቦዮችና ኮአኖሳይቶቹ በተደረደሩባቸው ጥቃቅን ክብ ክፍሎች ይሞላል። ሊውኮኒያ የተባለ፣ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝምና 1 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ሰፍነግ ከ2 ሚሊዮን በላይ ክፍሎች እንዳሉትና በቀን 22 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚያሳልፍ ተሰልቷል፤ ይህም ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበልጣል። ክፍሎቹ ሲደመሩ ስፋታቸው ብዙ ስለሆነ ውሃው እዚያ ይዘገያል፣ ሕዋሳቱም ምግቡን ለመልቀም ጊዜ ያገኛሉ፤ በጠባቡ መውጫ ሲደርስ ግን ፈጥኖ ይወረወርና ቆሻሻውን አርቆ ይጥላል።

የቀረዎትን ቁራጭ ወደ መስኮት ብርሃን ከፍ አድርገው ይመልከቱት። ጣት ሊያስገቡ የሚችሉት ትልልቅ ቀዳዳዎች ያ ውሃ ይወጣባቸው የነበሩት ናቸው፤ ከነሱ ወደ ውስጥ የሚቀጥሉትም የቦዮቹ ዱካ ናቸው።