ከመድኃኒት መስኮቱ ኋላ ለምትቆሙ

ልጆቼ፣

አንድ የቲቢ ታማሚ ነበር። መድኃኒቱን በጀመረ ማግስት ሽንቱ ቀልቶ ቢያይ «ኩላሊቴ ፈርሶ ደም ሆነ» ብሎ ኪኒኑን ጣለና ወደ አገሩ ገባ። ከወራት በኋላ በቃሬዛ ተመለሰ። ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ሳይቀር ብርቱካንማ እንደሚያደርግ አውቅ ነበር፤ ተፈትኜበት ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም። ወረፋው ረጅም ነበር፣ የምሳ ሰዓትም ደርሶ ነበር።

ፋርማሲ ውስጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ዘንድሮ ተመርቃችሁ ጋዋን ለምትለብሱ፣ ፋርማሲስትም ሁኑ ነርስ፣ ስለ ፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒቶች የምላችሁ ሁሉ ያን ቀን ሳልናገረው ከቀረሁት አንድ ቃል የመጣ ነው።

ትምህርት ቤት መድኃኒቶቹን በዝርዝር ያስሸመድዷችኋል። እኔ ግን እንደ ሰው ዘር ያዟቸው እላለሁ፤ ወገኑን ያወቀ ጠባዩን ያውቃል። የፔኒሲሊን ወገንና ዘመዶቹ፣ አሞክሳሲሊንም ሴፍትሪያክሶንም፣ ባክቴሪያው የውጭ ግድግዳውን እንዳይገነባ ያደርጋሉ። የእኛ ሴል እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው ለሰው በአብዛኛው ገራም ናቸው። የሚያስፈሩት በአለርጂ ነው። ስለዚህ «አለርጂ አለብዎ?» ትላላችሁ፤ ታማሚው «አዎ፣ ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ይላል፤ ካርዱ ላይ በቀይ ይጻፋል፤ አለቀ። አላለቀም። መቼ ነበር? ምን ሆኑ? ከወሰዱ በስንት ሰዓት? ሆድ መረበሽ አለርጂ አይደለም። ከንፈር ሲያብጥ፣ ቆዳ ሽፍ ብሎ ሲያሳክክ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ግን ቀልድ የለም። የፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ ከሚሉት አብዛኞቹ በአግባቡ ሲመረመሩ የለባቸውም። በቶንሲል ሰበብ ልቧ ተጎድቶ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የምትወጋ ልጅ ካርድ ላይ ያ ቀይ ጽሑፍ በስህተት ቢሰፍር ምን እንደሚያሳጣት አስቡት።

ሊሰፍር ሲልም አይቻለሁ። ክረምት ነበር። አንድ የቆሎ ተማሪ በቅማል በሚተላለፈው ግርሻ ታሞ መጣ። ፔኒሲሊን በተወጋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አንቀጠቀጠው፣ ትኩሳቱ አሻቀበ፣ የደም ግፊቱ ወረደ። ተረኛዋ ነርስ «አለርጂ ነው» ብላ ልትጽፍ ስትል አንድ አዛውንት የጤና መኮንን እጇን ያዟት። ተሕዋስያኑ በጅምላ ሲሞቱ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው፤ ያሪሽ-ኸርክስሃይመር ይባላል፤ በቴትራሳይክሊንም ይመጣል። ሊገድል ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ታማሚውን ከዓይናችሁ አታርቁት። ካርዱን ግን አታበላሹበት።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። ጄንታማይሲን የሚባለው በመርፌ የሚሰጥ ፀረ-ተሕዋስያን ርካሽ ነው፣ በየጤና ጣቢያው አለ፣ ስንት ሕፃን አትርፏል። ነገር ግን ኩላሊትንና የውስጥ ጆሮን ይነካል። የኩላሊቱ ጉዳት ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ የጆሮው አይመለስም። ወጣት ሳለሁ በምሠራበት ሆስፒታል አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ተኝተው ነበር። ኩላሊታቸው ደክሟል፣ ለእብጠቱ ላሲክስ ይወስዳሉ፤ እሱም ከጄንታማይሲን ጋር ሲሆን ለጆሮ ክፉ ነው። መርፌው ከሳምንት አለፈ። የኩላሊትን አቅም የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ክሬያቲኒንን፣ ያስለካ የለም። እኔም ዕለት ዕለት የመርፌውን ብልቃጥ ቆጥሬ እልካለሁ እንጂ «ስንተኛ ቀኑ ነው?» ብዬ አልጠየቅሁም። አንድ ጠዋት «ልጄ፣ ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ ይጮኻል» አሉኝ። ከአልጋ ሲነሱ ግድግዳ መያዝ ጀምረው ነበር። «ከድካም ነው አባቴ» አልኳቸው። ከሆስፒታል ሲወጡ ሰው የሚለውን ከከንፈሩ ነበር የሚያነቡት።

ሐኪሙ ነው ያዘዘው እንዳትሉኝ። ቀኑን የሚቆጥር፣ ሌላ ምን እንደሚወስዱ የሚያይ፣ ኩላሊታቸው ተመርምሮ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ካላስፈለገ መድኃኒት ለማቀበል መደርደሪያ ይበቃል።

የቀሩት ወገኖች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸዋል። ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው በብዙ ውኃ ይዋጠው፣ ውጦም ወዲያው አይተኛ፤ ጉሮሮው ሥር ተጣብቆ ያቆስላል። ሲፕሮ ከወተትና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አይሄድም፤ የተረከዝ ጅማት እስከ መበጠስም ያደርሳል፤ በተለይ አዛውንቶችንና ስቴሮይድ የሚወስዱትን። ሜትሮኒዳዞል ለሚወስድ ሰው አፉ ብረት ብረት እንደሚለው፣ ከጠጅና ከአረቄም እንዲርቅ ንገሩት። ሰርግ ካለበት ደግሞ ደጋግማችሁ ንገሩት። ኮትሪሞክሳዞል ጀምሮ አፉና ዓይኑ ከቆሰለ፣ ቆዳው ከተላጠ፣ ሌሊትም ቢሆን አቁሞ ይምጣ። የቲቢው ኢሶኒያዚድ እግር ሲያቃጥል ቫይታሚን ቢ6 አለ፤ ዓይን ቢጫ ሲሆን ግን ጉበት ነውና አይጠበቅም። ሌላውን የቲቢ መድኃኒት፣ ኤታምቡቶልን፣ የሚወስድ ሰው ቀይና አረንጓዴ መለየት ካቃተው አቁሞ በዚያው ቀን ይምጣ። ሪፋምፒሲን የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልን ያደክማል፤ ይህን የምንነግራቸው ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ስለ መደብሩም ላንሳ፤ ብዙዎቻችሁ መጨረሻችሁ እዚያ ነው። «የሃምሳ ብር ሲፕሮ ስጪኝ፣ ታይፎይድና ታይፈስ ነው የተባልኩት» የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣላችኋል። ዊዳል በሚባለው አንድ የታይፎይድ የደም ምርመራ ብቻ ስንቱ በከንቱ አንቲባዮቲክ እንደዋጠ ፈጣሪ ይወቀው። ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ ከበቂ በታች መውሰድ ተሕዋስያኑን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር። በሌላ በኩል «ረዘም ያለው ይሻላል» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ለሕፃናት ቀላል የሳንባ ምች ዛሬ አምስት ቀን ይበቃል። የታዘዘውን ያህል ይውሰድ፤ ያልታዘዘውን አትስጡ። እምቢ ስትሉ መንገዱን ተሻግሮ ከማዶ ይገዛል። ይህ ያናድዳል፣ ባለሱቁም ይቆጣችኋል። እኔም በዚህ ሰበብ አንድ ሥራ አጥቻለሁ፤ አልጸጸትበትም።

እኒያ መምህር ለግፊት መድኃኒታቸው ዓመታት ሙሉ ወደ መስኮቴ ይመጡ ነበር። ተቀይመውኝ አያውቁም፤ ቢቀየሙኝ ይቀለኝ ነበር። አዲስ መድኃኒት በታዘዘላቸው ቁጥር ካርቶኑን ወደ እኔ መልሰው ይገፉና «ይሄኛውስ ምን ይወስድብኛል?» ይላሉ። እኔም እስክሪብቶዬን አንስቼ በትልልቅ ፊደል እጽፍላቸዋለሁ። ወረፋው ይጠብቃል።