ለወንድምሽ የጉበት ቫይረስ ሌላ ክኒን ያስፈልገዋል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ገብቶኛል። ወንድምሽ የኤችአይቪ መድኃኒት ይወስዳል፤ አሁን አዳማ ሲመረመር ሄፓታይተስ ቢ ተገኘበት። ሌላ መድኃኒት ይጨመርለት ወይስ የወፍ በሽታ ቅጠል ላጠጣው ነው ያልሽው።

መጀመሪያ የመድኃኒቱን ዕቃ አምጪና ጽሑፉን አንብቢ። ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲን፣ ዶሉቴግራቪር የሚል ከሆነ እፎይ በይ። ከሦስቱ ሁለቱ፣ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን፣ የጉበቱንም ቫይረስ ይይዛሉ። ላሚቩዲን ብቻውን ቢሆን ቫይረሱ ይላመደዋል፤ ቴኖፎቪር ግን ጠንካራ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክኒን አያስፈልግም።

የሚያስፈራው ማቋረጡ ነው። "ተሽሎኛል" ብሎ ቢያቆም ተኝቶ የነበረው የጉበት ቫይረስ ሊያገረሽና ጉበቱን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል። መድኃኒት ልንቀይርልህ ነው ሲሉትም "ሄፓታይተስ ቢ አለብኝ" ብሎ ይንገራቸው። ካርዱ ላይ ቢጻፍለት ደግሞ የተሻለ ነው፤ ባለሙያው ይቀያየራል፣ ካርዱ ግን አብሮት ይዞራል።

ቅጠሉን ተይው። እኔ ዓይኔ ቢጫ የሆነ ጊዜ አክስቴ ጨምቃ በጣሳ ሰጥታኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሳስመልስ ከረምኩ። አንዳንዱ ቅጠል ራሱ ጉበት ይጎዳል። አረቄውንም ቢተው ጥሩ ነው።

ሚስቱና ልጆቹ ይመርመሩ። ነጻ የሆነ ሰው ይከተባል። ክትባቱ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት ስለሚሰጥ ትንንሾቹ ወስደውት ሊሆን ይችላል፤ የክትባት ካርዳቸውን እዪው። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ግን ከዛሬ ጀምሮ ለየብቻ።