የተኛ ሲሊንደር ለምን ይጣመምብናል?

«የቆመ ሲሊንደር ስስል ያምርልኛል፤ ወደ ጎን ሲተኛ ግን አፉ ይጣመምብኛል። ምኑ ጋ ነው የምሳሳተው?» ብለሃል ወንድሜ። የለጠፍካቸውን ሥዕሎች ደጋግሜ አየኋቸው። እጅህ ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው የኤሊፕሱ፣ ማለትም የሲሊንደሩ ክብ አፍ ዘንበል ብሎ ሲታይ የሚሠራው ሞላላ ቅርጽ፣ አቅጣጫ ላይ ነው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ በሲሊንደሩ መሃል ለመሃል የሚያልፍ መስመር አለ በል። የኤሊፕሱ አጭር ዘንግ (በጠባቡ በኩል መሃሉን የሚያቋርጠው መስመር) በዚያ መስመር ላይ ይተኛል። ረጅሙ ዘንግ (በሰፊው በኩል የሚያቋርጠው) ደግሞ መስመሩን በ90 ዲግሪ ያቋርጠዋል። ከእይታህ መሃል በጣም ላልራቀ ነገር ሁሉ ይሠራል። አንተ ግን ሲሊንደሩ ሲያጋድልም ረጅሙን ዘንግ ቀጥ አድርገህ አቁመኸዋል። የቆመው የሚያምርልህ እዚያ ረጅሙ ዘንግ አግድም ስለሆነ፣ ሳታስበውም ስለሚገጥምልህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመሃሉን መስመር በስሱ ጣል አድርግ፤ ከዚያ አቋራጩን። ኤሊፕሱ ከሁለቱ በኋላ ይመጣል።

ከአንተ እየራቀ የሚሄድ ካሬ ስለህ ውስጡ ክብ የምታስገባ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙዎቻችንን የሚያደናግረንም እሱ ነው። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ያሰመርካቸው መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ የክቡ መሃል እንጂ የኤሊፕሱ መሃል አይደለም። የክቡ ቅርብ ግማሽ ከሩቁ ግማሽ ሰፍቶ ይታያል። ስለዚህ ረጅሙ ዘንግ ከነጥቡ ትንሽ ወደ አንተ ቀረብ ብሎ ነው የሚያልፈው። በነጥቡ ላይ ላሳልፈው ካልክ እንቁላል ይወጣልሃል።

ስለ ስፋቱም ልጨምር። ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና ከላይ ወደ ታች በሰያፍ እየው። አፉ ጠበብ ያለ ኤሊፕስ ነው። የውሃው ገጽ ትንሽ ከፈት ይላል፤ ታቹ ከሁሉም ይበልጥ ክብ ነው። አሁን አፉን ከዓይንህ እኩል አንሳው። መስመር ብቻ ይሆናል። የተኛውም ያው ነው፤ ከአንተ እየራቀ የሚሄድ ከሆነ የሩቁ ጫፍ ያንሳል፣ ግን ከቅርቡ ይልቅ ክብ ይሆናል።

የኤሊፕስ ጫፍ ደግሞ ሹል የለውም። ክንድህን ከትከሻህ እያንቀሳቀስክ እርሳሱን ሳታስነካ ጥቂት ዙር አዙር፤ ከዚያ ወረቀቱን ንካ።

ቀጣዩን ስትለጥፍ የመሃሉን መስመር እንዳታጠፋው፤ እሱን አይቼ የቱ ጋ እንደሳተ አሳይሃለሁ።