ኮሪያ ለምትሄዱ ልጆች፦ ቅዳሜን ተራራ ላይ ዋሉ

በቅርቡ የጎረቤቴ ልጅ ለማስተርስ ወደ ኮሪያ የሚወስድ ስኮላርሺፕ አገኘች። ልትሰናበተን መጥታ ቡና እየጠጣን፣ «ጋሼ፣ እዚያ ቅዳሜና እሁድ ምን ይሠራል?» አለችኝ። «ተራራ ውጪ» አልኳት። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥያቄዋ ዓመታት የቆየ ቁጭት ቀስቅሶብኛል። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ለምትሄዱትም ሁሉ ይህን እጽፋለሁ።

ስለ ቪዛ፣ ስለ ባንክ፣ ስለ ጥር ብርድ አልጽፍም። እሱን ዩቲዩብ ይነግራችኋል።

እኔ የኖርኩት ዴጆን ነው። ከሴኡል በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ትወርዳላችሁ። የምርምር ተቋማትና የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። ለዶክትሬት የሄድኩት ጎልምሼ፣ ሚስቴንና ልጆቼን አዲስ አበባ ትቼ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር። አማካሪዬም «ኮሪያኛ አያስፈልግህም» አሉኝ። ለምርምሩ ልክ ነበሩ። ዋጋ መጠየቅ፣ ማመስገን፣ ከየት እንደመጣሁ መናገር ቻልኩ። ሌላው ሰዓት ሁሉ ለላብራቶሪ ሆነ።

ኮሪያውያን በእረፍት ቀናቸው ተራራ መውጣት ይወዳሉ። በተለይ ሽማግሌዎቹ። ደማቅ ጃኬት ለብሰው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ወጣቱን ጥለውት ያልፋሉ። ዴጆን አጠገብ ግዬርዮንግሳን የሚባል ተራራ አለ፤ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በአንዱ ወገን ዶንግሃክሳ የሚባል የሴት መነኮሳት የቡድሃ ገዳም አለ። በሌላው ወገን ጋፕሳ የሚባለው አለ። ከአንዱ ተነስቶ፣ ተራራውን አቋርጦ ሌላው ጋ መውረድ ጥሩ የቅዳሜ መንገድ ነው። መሃል ላይ ናምሜታፕ የተባሉ ሁለት ጥንታዊ የድንጋይ ሐውልቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ወጪ ወራጁ እዚያ ያርፋል።

አንድ ቅዳሜ፣ ቅጠሉ ሁሉ በቀላበት በጥቅምት፣ እዚያ ተቀምጬ ትንፋሼን ስሰበስብ አንድ አዛውንት አጠገቤ አረፉ። ኪያር አውጥተው ለሁለት ቆረጡና ግማሹን ሰጡኝ። ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ይቺን ጥያቄ አውቃታለሁ። «ኢትዮጵያ» አልኩ።

እጃቸው ቆመ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ተነስተው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ደንግጬ ተነሳሁ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ማውራት ጀመሩ።

ረጅም ወሬ ነበር። ከመሃሉ የያዝኩት «ህዋቾን» የሚለውን የቦታ ስምና «ኢትዮጵያ» የሚለውን ብቻ ነው። በምርኩዛቸው ጫፍ አፈሩ ላይ ወንዝ ሳሉ። ከወንዙ በላይ ሸንተረር ሳሉ። ሸንተረሩ ላይ ነጥብ ነጥብ አደረጉና ወደኔ ጠቆሙ። ከዚያ መዳፋቸውን ዝቅ አድርገው የትንሽ ልጅ ቁመት አሳዩኝ። ያ ልጅ እሳቸው ይሁኑ ወይስ ወንድማቸው፣ ዛሬም አላውቅም። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ በ1951 እ.ኤ.አ. ቡሳን ወደብ ወርዶ በሰሜን በኩል ባሉት ተራሮች፣ በህዋቾንና በቾርዎን አካባቢ መዋጋቱን አውቃለሁ። በየተራ ከ6,000 በላይ ወታደሮቻችን ሄደዋል። ከ120 በላይ ወድቀዋል። አንድም ሰው አልተማረከም። ይህ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ አለ። እኚህ ሰው ግን የትም መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ነገር እየነገሩኝ ነበር። እኔ የምለው «ኔ፣ ኔ» ብቻ። አዎ፣ አዎ።

ሁለት ወጣቶች ማዳመጫ ጆሯቸው ውስጥ ሰክተው አለፉ። ላስቆማቸው እጄን ብዘረጋም አላዩኝም። ከተራራው ስንወርድ አዛውንቱ ምግብ ቤት አስገብተው የሽንኩርት ቂጣ ጋበዙኝ፤ ፓጆን ይሉታል። የሩዝ ጠላቸውን ማክጎሊን ቀዱልኝ። እኔ ልክፈል ብል ተቆጡ። ስልካቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ። ሰኞ የላብራቶሪ ጓደኛዬን ለምኜ አስደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም። ደጋግሞ ደወለ። የለም። ከዚያ በኋላ ተራራው ላይ በወጣሁ ቁጥር ዓይኔ ይፈልጋቸው ነበር። አላገኘኋቸውም። ስማቸውን ነግረውኝ ነበር፤ ከወሬው ጎርፍ ጋር አለፈኝ።

ዛሬ ስልክ ያስተረጉማል ትሉኛላችሁ። ያስተረጉማል። ግን ሽማግሌ ሰው እንባ እየተናነቃቸው ሲያወሯችሁ አፋቸው ላይ ስልክ ትደቅናላችሁ?

ያን ክረምት ነው የማታ ኮሪያኛ የጀመርኩት። ፊደላቸውን ሀንጉልን አትፍሩ። ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 እ.ኤ.አ. ለተራው ሕዝብ ብለው ያወጁት ነው። ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ቤት ይጻፋል። ሀ ሁ ሂ ብሎ ላደገ ልጅ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። በመንግሥት ስኮላርሺፕ የምትሄዱት ከዲግሪው በፊት ቋንቋ እንድትማሩ ይደረጋል። ፈተናውን ለማለፍ ብቻ አታጥኑ። እናንተ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ከድራማው ብዙ ቃል ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ድራማ ያስተማራችሁን ግን ሰው ፊት ካላወጣችሁት ምን ይጠቅማል? የዛሬ ልጆች አገር ተሻግራችሁ ክፍላችሁ ውስጥ ቲክቶክ ስታዩ ትውላላችሁ። ይህ ያናድደኛል።

ከሐበሻ ጋር ብቻ አትዋሉ እላለሁ። ይህን እያልኩ ግን እሁድ እሁድ በአንድ ጓደኛችን ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ባንበላ ኖሮ ያን አገር የምችለው አይመስለኝም። ጤፍ የለም፤ በሩዝና በስንዴ ዱቄት እንጀራ መሳይ ነገር እንጋግራለን። አንዱ ከአዲስ አበባ በርበሬ ያመጣ ቀን ሠርግ ነበር። እና ሂዱ፣ ተሰብሰቡ። ቅዳሜን ግን ለአገሩ ስጡት።

ጿሚ ለሆናችሁ፦ ኪምቺ ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ መረቅ አለበት። ገዳማቱ በር ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች ግን የተራራ ቅጠላ ቅጠል በሩዝ ያቀርባሉ። «እንቁላሉን ተዉት» ማለት ብቻ ነው። ሁዳዴን ብዙውን ዶንግሃክሳ በር ላይ ነው የበላሁት። እግራችሁ ሲዝል ደግሞ ዴጆን ውስጥ ዩሶንግ ሂዱ። የፍልውሃ ሰፈር ነው። መንገድ ዳር እግር የሚነከርበት ሙቅ ውሃ አለ፣ በነጻ። ባልቴቶቹ ጠጋ ብለው ቦታ ይሰጧችኋል፤ ዕድሜያችሁን፣ ትዳራችሁን ይጠይቃሉ። አትከፉ። እኛም ሰፈር እንዲሁ ነው። ኮሪያኛዬ የተፈታው ከክፍሉ ይልቅ እዚያ ነው።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ለቹንቾን ከተማ ይሁንላችሁ። ከሴኡል፣ ከቾንግኛንግኒ ጣቢያ ባቡር አለ። ጎንግጂቾን ውሃ ዳር በ1968 እ.ኤ.አ. ጃንሆይ በተገኙበት የተመረቀው የቃኘው መታሰቢያ ቆሟል። አጠገቡ ጣሪያው እንደ ጎጆ ቤታችን የተሠራ ሙዚየም አለ። እዚያው «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት ከዚያው ዓመት ጀምሮ ቡናችንን ይሸጣል። ሙዚየሙን አይታችሁ ቶሎ አትውጡ። በዕድሜ የገፋ ኮሪያዊ ጎብኚ ካያችሁ ቀርባችሁ ሰላም በሉ፤ ከየት እንደመጣችሁም ንገሩ። ያ ዘመን የደረሰባቸው ሰዎች በየዓመቱ እያነሱ ነው። በቋንቋቸው ጠይቁ፣ ከፈቀዱላችሁ ቅዱት፣ ስማቸውን ጻፉ። ህዋቾን ውስጥ ልጅ ሆኖ ወታደሮቻችንን ያየ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ የነገራችሁን ሁሉ ሳታሳጥሩ ጻፉልኝ።